ሰማያዊ ወይስ አረንጓዴ? ስለ ንባብ ክፍላችን ግድግዳ

የማኅበራችን የንባብ ክፍል ሊቀባ ነው። የሥራ ኮሚቴው ከቀለም ሻጭ ዘንድ የመጣውን የናሙና ወረቀት አገላብጦ ከሁለት ላይ ደርሷል፤ አንደኛው ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፥ ሁለተኛው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው። በናሙናው ላይ ሁለቱም ስም የላቸውም፤ ያላቸው ቁጥር ብቻ ነው። ተማሪ ግን ቁጥር ይዞ መከራከር ስለማይሆንለት ወዲያው ስም አወጣላቸው። ሰማያዊው «ጫሞ» ተባለ፤ አረንጓዴው ደግሞ «የእንሰት ጀርባ»። የእንሰት ቅጠል ከፊቱ ይልቅ በጀርባው ገርጣ ብሎ አመድ የነካው እንደሚመስል የጋሞ ደጋ ልጆች ያውቁታል። ለማያውቅ ሰው የሙዝ ቅጠል ገልብጦ ማየት ይበቃዋል፤ ሙዝ በአርባ ምንጭ ብርቅ አይደለም።

ይህ መጽሔት በጥቁር ቀለም ብቻ የሚባዛ ስለ ሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን ለአንባቢ ለማሳየት አልቻልንም። ማየት የሚፈልግ ወደ ኮሚቴው ጸሐፊ ጠረጴዛ ይሂድ፤ ሲሄድም ወረቀቱን ከመስኮት አጠገብ አድርጎ ይመልከት እንጂ በዚያ በቢጫ አምፑል ሥር አይፍረድ።

እኛ የአረንጓዴው ወገን ነን። ይህን አስቀድመን መናገራችን አንባቢ እስከ መጨረሻው አንብቦ «ለካስ ወገን ነበራቸው!» እንዳይል ነው። ወገን መያዝ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ምክንያት ሳይሰጡ መያዝ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ለአንድ ተቃውሞ መልስ እንስጥ። «ውሃ በቧንቧ ሳይመጣ፥ መጻሕፍት ሳይበቁ፥ ስለ ግድግዳ ቀለም ትከራከራላችሁ ወይ?» የሚሉን አሉ። አርባ ምንጭ በምትባል ከተማ ውስጥ ባልዲ ይዞ መሰለፍ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ቧንቧውን እንድንወስንበት ማንም አልሰጠንም፤ ግድግዳውን ግን ሰጥተውናል። በዚህ ቅጥር ግቢ ውስጥ አንድ ነገር «እናንተው ወስኑ» ተብሎ ለተማሪ የተተወበት ቀን ጥቂት ነው። ከአራቱም ማዕዘን የመጣን ልጆች፥ አማርኛው፥ ጋሞኛው፥ ኦሮምኛው፥ ወላይትኛው፥ ትግርኛው፥ ሲዳምኛው በአንድ መኝታ ቤት የሚደባለቅብን ልጆች፥ አንድ ግድግዳ በሰላም መርጠን መቀባት ካልቻልን ከዚህ ወጥተን ምን መምረጥ እንችላለን? በ2012 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ተነሥቶ ተማሪዎች ሲሞቱና ወላጆች ልጆቻቸውን እያለቀሱ ሲወስዱ የነበረውን ጊዜ ታላላቆቻችን ይነግሩናል። ያን ጊዜ የጠፋው ነገር ሁላችንም የእኔ ነው የምንለው ክፍል ይመስለናል። እንግዲህ ነገሩ የቀለም ብቻ አይደለም፤ ሆኖም ስለ ቀለሙ ስንናገር ስለ ቀለሙ እንናገር።

የሰማያዊው ወገኖች ትልቁ ክርክር ሙቀት ነው። «ሰማያዊ ክፍሉን ያቀዘቅዘዋል» ይላሉ። ቀለም ዓይንን ያሳርፍ ይሆናል፤ ቴርሞሜትርን ግን አያታልልም። የእኛን ክፍል የሚያሞቀው ከላይ ያለው ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮው ከጧት ጀምሮ ፀሐይ ሲጠጣ ውሎ ከቀትር በኋላ ሙቀቱን በኮርኒሱ በኩል ወደ ጭንቅላታችን ይለቀዋል። ሰማያዊ ቢቀቡት፥ አረንጓዴ ቢቀቡት፥ ስምንት ሰዓት ላይ ላባችን ደብተራችን ላይ መንጠባጠቡ አይቀርም። ገንዘቡ ለቅዝቃዜ የሚውል ከሆነ ቆርቆሮውን ከውጭ ነጭ መቀባትና በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ መክፈት ይሻላል። «ቀዝቃዛ ቀለም» ማለት የሠዓሊዎች አነጋገር ነው፤ እሳትና ደም የሚያስታውሰንን ሙቅ፥ ውሃና ቅጠል የሚያስታውሰንን ቀዝቃዛ ብለው ሰየሙት። በዚህ ሚዛን ደግሞ ሁለቱም ቀዝቃዛ ናቸው፤ ሙቀት ሁለቱን ለመለየት አይረዳንም።

ሌላው ከመጻሕፍት የተለቀመ ክርክር ነው። አንድ ወዳጃችን የቤት ማስዋቢያ መጽሐፍ አንብቦ መጥቶ «መስኮቱ ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ፀሐይ ስለማያገኝ ሰማያዊ አይቀባም» ሲል አስረዳን። ለወገናችን የሚጠቅም ክርክር ነበር፤ ነገር ግን ልንቀበለው አልቻልንም። ያን መጽሐፍ የጻፈው ሰው የሚኖረው ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል በምትዞርበት አገር ነው። አርባ ምንጭ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 6 ዲግሪ ላይ ናት። ከመጋቢት ማለቂያ እስከ ጳጉሜ መባቻ ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፤ በቀረው ወራት በደቡብ በኩል። ስለዚህ የሰሜኑም መስኮት የደቡቡም መስኮት ተራ በተራ ብርሃን ያገኛል። የአውሮፓን መስኮት ለአውሮፓ እንተውለት።

የመሬቱ ከፍታ ግን ከመስኮቱ አቅጣጫ ይበልጥ ሊታሰብ ይገባዋል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ላይ ስትሆን፥ ጨንቻ ከ40 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ ወጥተው 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያገኟታል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማነት ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርድ ጸሐፊዎቹ መዝገባቸውን ይዘው ከጉም ወደ ሐሩር ወረዱ። በጨንቻ ጉም መስኮት ድረስ በሚመጣበት ጧት በሰማያዊ ክፍል ውስጥ መቀመጥ በጋቢ ላይ ጋቢ ያስደርባል። የዶርዜ ሸማኔ በድንጉዛው ላይ ቀይ፥ ቢጫና ጥቁር ብቻ መደርደሩ ለምን እንደ ሆነ ባናውቅም፥ ያን ልብስ በዚያ ብርድ ውስጥ የለበሰ ሰው ሲታይ እንደ ፍም ያሞቃል። ስለዚህ ለመሥሪያ ቤት ሁሉ ከቆላ እስከ ደጋ አንድ ዓይነት ቀለም በአንድ ደብዳቤ የሚያዝ ሰው ቢኖር መልሱ «ከሲቀላ ወደ ጨንቻ አንድ ቀን ውጣና እየው» ነው።

የዶርዜን ነገር ካነሣን ዘንድ፥ የዶርዜ ቤት ቀለም የሌለው ቤት መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ከቀርከሃ ተሸምኖ፥ በእንሰት ኮባና በቀርከሃ ቅርፊት ተከድኖ እንደ ዝሆን ግንባር የሚቆመው ያ ቤት ውስጡ በጭስ ይጠቁራል እንጂ አይቀባም። ጭሱም ቀርከሃውን ከነቀዝ ያቆይለታል። ምስጥ ከሥር ሲበላው ከግርጌው ቆርጠው ዝቅ ያደርጉታል፤ ቤቱ ያጥራል እንጂ አይፈርስም፤ ሲያስፈልግም ሰዎች ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩታል። እኛ ግን የምንቀመጠው ከብሎኬትና ከሲሚንቶ በተሠራ ክፍል ነው። ብሎኬት ተሸክመውት አይሄዱም፤ በጭስም አያምርም። ስለዚህ ግድግዳን በቀለም ማልበስ ለአካባቢው ከብሎኬቱ ጋራ የመጣ አዲስ ጥያቄ ነው፤ አያቶቻችን ያልመለሱትን እኛ ልንመልስ ግድ ሆኗል።

አሁን ወደ ሐይቁ እንምጣ። «የአርባ ምንጭ ቀለም ሰማያዊ ነው፤ ከሴቻ ቁልቁል ብታዩ የምታዩት ውሃ ነው» ይላሉ። እኛም ከሴቻ ቁልቁል አይተናል። ያየነው ሁለት ሐይቅ ነው። በስተ ደቡብ ያለው ጫሞ ሰማዩ ሲጠራ እውነትም ሰማያዊ ነው፤ ደመና ሲሆን ደግሞ ወደ አረንጓዴና ወደ ግራጫ ይሄዳል። በስተ ሰሜን ያለው አባያ ግን ከየወንዙ የሚገባው ደቃቅ አፈር ስለማይረጋ ቀይ ዳማ ነው፤ ወተት በብዛት የፈሰሰበት ሻይ ይመስላል። በሁለቱ መካከል የእግዜር ድልድይ የሚባለው መሬት ተጋድሟል። እንግዲህ ለአገር ፍቅር ብለን ሐይቁን ግድግዳ ላይ እናምጣ ከተባለ ግማሹን ቡናማ መቀባት አለብን። ያን የሚደግፍ አንድም ሰው አላገኘንም።

ለአረንጓዴው ያለን ምክንያት ከዚህ የጠለቀ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው የጋሞ ተወላጆችና ሌሎችም ሲገደሉና ሲፈናቀሉ፥ ወሬው ወደ አርባ ምንጭ ደርሶ ወጣቱ በቁጣ ወጣ። ሊበቀል የወጣውም በዚያ ጥፋት ምንም እጅ በሌላቸው የከተማው ነዋሪዎችና በንብረታቸው ላይ ነበር። ያን ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ እርሱን ረግጦ ማለፍ በጋሞ ባህል የማይደረግ ነገር ነው። ወጣቱም ተመለሰ። ሥዕሉን አገር ሁሉ አይቶታል። በዱቡሻም፥ ማለት ሕዝቡ ተሰብስቦ በሚመክርበትና ዕርቅ በሚያወርድበት ሜዳ፥ የሚቀመጡት በሣር ላይ ነው። ከዚህ ከተማ ታሪክ ውስጥ ለአንድ የጋራ ክፍል የሚስማማ ቀለም ፈልጉ ብንባል ከዚያ ከእርጥብ ሣር የተሻለ ከወዴት እናመጣለን?

ከጋሞ ውጭም ለምንኖር ነገሩ ባዕድ አይደለም። ቡና ሲፈላ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ ለእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች ለምለም ሣርና አደይ ይዘው ይዞራሉ። እርግጥ ነው፥ ይህ ሁሉ አረንጓዴ ወለል ላይ እንጂ ግድግዳ ላይ አይደለም ብሎ የሚከራከር የሕግ ተማሪ አይጠፋም። ለእርሱ የምንለው፥ ሲሚንቶ ወለል ላይ በየቀኑ ቄጠማ የሚጎዘጉዝ በጀት ስለሌለን ነው።

በሰማያዊው ላይ ደግሞ እኛ የማንጋራው አንድ ሐሜት ሲወራ ሰምተናል፤ «ሰማያዊ የፓርቲ ቀለም ነው» የሚል። በ2004 ዓ.ም. ሰማያዊ ፓርቲ የሚባል መቋቋሙ እውነት ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ኢዜማ ሲመሠረት ግን ያ ፓርቲ ፈርሶ ከሌሎች ጋራ ተቀላቅሏል። የሌለ ፓርቲን በግድግዳ ላይ መፈለግ ከንቱ ነው። ደግሞ እንዲህ ከጀመርን ቢጫውም፥ ቀዩም፥ አረንጓዴውም የአንዱ ወይም የሌላው ነው ይባላል፤ ክፍላችንም ሳይቀባ ይቀራል። ወገናችን በእንዲህ ያለ ሐሜት እንዲያሸንፍ አንፈልግም። እንዲሁም «ሰማያዊ ዝንብ ይስባል» ያለው የባዮሎጂ ተማሪ እውነት የተናገረው በግማሽ ነው። የገንዲ በሽታ የምታስተላልፈው ቆላ ዝንብ በሰማያዊ ጨርቅ እንደምትሳብ የታወቀ ነው፤ በስምጥ ሸለቆው ደቡባዊ ክፍል እርስዋን ለማጥፋት ሲሠራ የሚሰቀለው ወጥመድም ከሰማያዊና ከጥቁር ጨርቅ የሚሠራ ነው። ነገር ግን ቆላ ዝንብ የምትፈልገው የቁጥቋጦ ጥላና የከብት ደም ነው እንጂ የንባብ ክፍል አይደለም። ከብት ወደ ክፍላችን እስካልገባ ድረስ አንፈራም።

በአረንጓዴው ላይ የሚነሡትን ተቃውሞዎች ደግሞ ሳንደብቅ እንጻፍ። አንደኛው «የሆስፒታል ቀለም ነው» የሚል ነው። ይህ መሠረት አለው። በ1914 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ ሃሪ ሸርማን የተባለ ቀዶ ሐኪም የነጩ ክፍል ነጸብራቅ ዓይኑን ስላደከመው የቀዶ ሕክምና ክፍሉን አረንጓዴ አስቀባ። አረንጓዴ የቀይ ተቃራኒ ስለ ሆነ፥ ደም አይቶ የደከመ ዓይን ወደ ግድግዳው ሲዞር ያርፋል። ከዚያ በኋላ ነገሩ በየአገሩ ሆስፒታል ተስፋፋ። እኛ ደም አንመለከትም፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ነጭ ወረቀትና ጥቁር ፊደል እንመለከታለን፤ ቀና ስንል ዓይናችን የሚያርፍበት ነገር ቢያገኝ ምን ይጎዳል? ደግሞስ ሐኪሙ በብልሃት የመረጠውን ቀለም በሽታ ስላስታወሰን ብቻ መጥላት ተገቢ ነው ወይ?

ሁለተኛው ተቃውሞ ከክፍሉ ፊት ለፊት ስለ ተሰቀለው ድንጉዛ ነው። «ቀዩ በአረንጓዴ ላይ ይጮኻል» ተብሏል። ይህም እውነት ነው። በፓሪስ የጎብላን የምንጣፍ መሥሪያ ቤት የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ የነበረው ሼቭረል የተባለ ኬሚስት ሸማኔዎች «ጥቁሩ ክር ደብዝዟል» እያሉ ሲያማርሩበት መርምሮ፥ ጥፋቱ የክሩ ሳይሆን አጠገቡ የተሸመነው ቀለም መሆኑን አገኘ፤ በ1839 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። ተቃራኒ ቀለሞች ጎን ለጎን ሲሆኑ አንዱ ሌላውን ያጎላዋል። ለሽሮ ሜዳም ሆነ ለዶርዜ ሸማኔ ይህን የፈረንሳይ ኬሚስት ሊያስተምረው አያስፈልግም፤ ዓይኑ ያውቀዋል። እንግዲህ በአረንጓዴው ላይ ቀዩ ይጎላል፤ በሰማያዊው ላይ ደግሞ ቢጫው ይጎላል። አንዱን መምረጥ ካለብን ቀዩ ይጉላ እንላለን። ግድግዳው ፈዛዛ እስከ ሆነ ድረስ ጩኸቱ ጆሮ አይበጥስም።

ሦስተኛው ግን ከበድ ያለ ነው፤ በቀልድ የምናልፈው አይደለም። አረንጓዴ ቀለም መጥፎ ታሪክ አለው። በ1775 እ.ኤ.አ. ሼሌ የተባለው ኬሚስት ከመዳብና ከአርሰኒክ ያወጣው ደማቅ አረንጓዴ በአውሮፓ የግድግዳ ወረቀት ላይ ውሎ በእርጥበት ቤት ውስጥ ብዙ ሰው መርዟል። ያ ዛሬ የለም። ነገር ግን ከሰማያዊና ከእርሳስ ክሮማት የተቀላቀለው አረንጓዴ የዘይት ቀለም ብዙ ዘመን ሲሸጥ ኖሯል። ሊድ የሚባለው ብረት፥ በአማርኛ እርሳስ የምንለው፥ የሕፃናትን አእምሮ እንደሚጎዳ የተረጋገጠ ነገር ነው። አገራችንም በ2018 እ.ኤ.አ. በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ ለመቆጣጠር ደንብ አውጥታ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች። ስለዚህ ኮሚቴው አረንጓዴውን ሲገዛ በዋጋው ርካሽነት ብቻ አይሳብ፤ ጣሳውን አዙሮ ያንብብ፥ የእርሳስ መጠኑ ካልተጻፈ ይጠይቅ፥ መልስ ካላገኘ ሌላ ሱቅ ይሂድ። አሮጌውንም ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ስንፍቅ አፍና አፍንጫችንን እንሸፍን፤ አቧራውም ከመጠረጉ በፊት ውሃ ይርከፍከፍበት። ይህን የምንለው ለአረንጓዴውም ለሰማያዊውም ነው።

ደግሞም ተከራካሪዎቹን የሚያስታርቅ አንድ የኬሚስትሪ ነገር አለ። በዛሬ ጊዜ በውሃ በሚበጠበጡት ቀለሞች ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚገባው ሰማያዊ ፍታሎሳያኒን የሚባለው ነው። ይህ የቀለም ዘር በ1928 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ በአንድ የማቅለሚያ ፋብሪካ ሳይታሰብ የተገኘ ሲሆን፥ መዳብ በመካከሉ ያለበት ሰማያዊ በ1935 ለገበያ ቀረበ። አረንጓዴውስ? አረንጓዴው የዚያው የሰማያዊው ልጅ ነው፤ በሃይድሮጅኑ ቦታ ክሎሪን ሲገባበት ሰማያዊው አረንጓዴ ይሆናል። እንግዲህ በምግብ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ጎራ ለይተን የተኮራረፍነው በአንድ እናት ልጆች ላይ ነው። ጃፓኖችማ ከጥንት «አኦ» በሚል አንድ ቃል ሰማዩንም ለጋ ቅጠሉንም ይጠሩ ነበር፤ ዛሬም የትራፊክ መብራቱን አረንጓዴ «አኦ» ይሉታል። የእኛ ቋንቋ ሰማያዊን ከሰማይ ወስዶ ስለ ሰየመው ነው ክርክሩ የከረረብን።

ለሰማያዊው አንድ ነገር ልንሰጠው ይገባል። ብርሃን እየደከመ ሲሄድ የሰው ዓይን ቀይን ቶሎ ይጥለዋል፤ ሰማያዊንና አረንጓዴን ግን እስከ መጨረሻው ይይዛል። ይህን ፑርኪንየ የተባለ የቦሄሚያ ሐኪም ከ200 ዓመት በፊት ጽፎታል። መብራት በሚጠፋበት ምሽት፥ ይህም ብርቅ አይደለም፥ ፈዛዛ ሰማያዊ ግድግዳ ከክሬም ግድግዳ ይልቅ ለጥቂት ደቂቃ ይበራል። አረንጓዴውም እንደዚሁ ነው፤ ምናልባት ሰማያዊው በጥቂቱ ይበልጠው ይሆናል። ነገር ግን መብራት ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል፤ በቢጫ አምፑል ሥር ፈዛዛው ሰማያዊ ሕይወቱ ወጥቶ አመድማ ይሆናል፤ አረንጓዴው ግን ቢጫውን ብርሃን ይቀበለዋል። ሌት ለፈተና የሚያነብ ሰው የሚያየው የአምፑሉን ሰዓት ነው።

የቀይ አፈራችንንም ነገር አንርሳ። በበጋ አቧራው በመስኮት ይገባል፤ በዝናብ ጊዜ ደግሞ ጫማችን ይዞት ይገባል። ቀይ አቧራ በሰማያዊ ላይ ሲያርፍ ግድግዳው የታመመ ይመስላል፤ ወይን ጠጅም አይደለም፥ ሰማያዊም አይደለም። በአመድማ አረንጓዴ ላይ ሲያርፍ ግን ቢያንስ በመንገድ ዳር ያለ ቅጠል ይመስላል። ሁለቱንም መጥረግ ያስፈልጋል፤ እኛ ግን መቼ መቼ እንደምንጠርግ አንባቢ ያውቃል።

አሁን ሥራውን እናስላ። ክፍላችን ርዝመቱ 10 ሜትር፥ ወርዱ 7 ሜትር፥ ቁመቱ 3 ሜትር ነው። ዙሪያው 34 ሜትር፥ ግድግዳው በጠቅላላ 102 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ለበርና ለመስኮት 17 ቢቀነስ 85 ይቀራል። አንድ ሊትር የፕላስቲክ ቀለም በደንብ በተለሰነ ግድግዳ ላይ አንድ ጊዜ ሲቀባ ወደ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ሁለት ጊዜ ለመቀባት 17 ሊትር ያስፈልጋል ማለት ነው። ነገር ግን ግድግዳውን በሙሉ ማቅለም አስፈላጊ አይመስለንም። ከወለል እስከ ትከሻ፥ ማለት እስከ 1 ሜትር ተኩል ድረስ አረንጓዴው ይሁን፤ ከዚያ በላይ ነጭ ይሁን። ነጩ ብርሃን ይሰጠናል፤ የታችኛውም የሚታጠብ ዓይነት ይሁን። ምክንያቱም ወንበራችንን ወደ ኋላ አዘንብለን ጭንቅላታችንን ግድግዳ ላይ የማሳረፍ ልማድ አለን፤ የቅባቱም ክብ ክብ ምልክት በአሁኑ ግድግዳ ላይ በተርታ ይታያል። አንዳንዱ ምልክት የማን እንደ ሆነ ከቁመቱ ይታወቃል።

ናሙናው ላይ የሚታየው ቀለም ግድግዳ ላይ ሲወጣ ጠቆር እንደሚል ቀቢዎች ሁሉ ይናገራሉ። አራት ግድግዳ እርስ በርሱ ቀለሙን ስለሚያንጸባርቅ ነው። ስለዚህ ከተመረጠው አንድ ደረጃ ፈዘዝ ያለውን እንውሰድ። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ጣሳ ገዝቶ ከመስኮቱ አጠገብና ከመስኮቱ ራቅ ባለው ግድግዳ ላይ ካሬ ካሬ ሜትር መቀባትና ለሦስት ቀን ጧት፥ ቀትርና ማታ ማየት ነው። ከዚያ በኋላ ክፍሉን የሚጠቀም ሁሉ ድምፅ ይስጥ። ኮሚቴው «ባለሙያ ጠይቀን ወሰንን» ብሎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጥፍ፥ የተለጠፈው አረንጓዴ ቢሆን እንኳ፥ እኛ እንቃወማለን። ሰማያዊው በድምፅ ቢያሸንፍ ደግሞ ብሩሽ ይዘን የምንመጣው እኛ ነን፤ በዚህ ቃል እንያዝ።

ከሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች አንዷ «ግድግዳው አረንጓዴ፥ ኮርኒሱ ሰማያዊ ይሁን፤ ሣርም ሰማይም ይኖረናል» ብላ ሐሳብ አቅርባለች። ለዕርቅ የቀረበ ስለ ሆነ አንነቅፈውም፤ ከነጩ ይልቅ ብርሃን እንደሚቀንስ ግን ይታወቅ። ብቻ ኮርኒሱ ችፑድ ነው፤ ባለፈው ዓመት ዝናብ ከበሩ በላይና ከሦስተኛው ጠረጴዛ በላይ ሁለት ትልልቅ ቡናማ ካርታ ሥሎበታል፤ ሰማይ ብለን ብንቀባውም ቡናማው እንደገና ይወጣል። ሚያዝያ ሳይገባ መሰላል ይፈለግና ቆርቆሮው ላይ ያሉት ሁለቱ የሚስማር ቀዳዳዎች ይደፈኑ።